ከዋሻው የወጣንበት እሁድ

ሁለት ዓመት ሙሉ ችቦ ያዥ ነበርኩ። በጨዋታ ነው ታዲያ። ወገዳ ከተማ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበን ዋሻ እንገባ ነበር። መሪያችን የፊዚክስ መምህሩ ነው። ጨዋታውን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተምሮት፣ ሕጉንም በደብተር ገልብጦ ይዞ መጣ። እሱ ዋሻው ውስጥ ያለውን ይነግረናል፤ እኛ የምናደርገውን እንነግረዋለን። ይሳካ አይሳካ ያጠራጠረ እንደሆነ ከባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ዕጣ እናወጣለን፤ ከአንድ እስከ ሃያ ተጽፎበታል፤ ትልቅ ቁጥር የደረሰው ይሳካለታል። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ቁስል ታክማለች፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ጎራዴ መዝዞ ይቀድማል፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህሯ ደግሞ ብርሃን እይዛለሁ። ለምን ቢሉ፣ መጀመሪያ ቀን መሪያችን «አንቺ ችቦውን ያዢ» ስላለኝ። በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ሰሞን ያወጣነውን ዕጣ ወደ ጣሳው አንመልስም ነበር። ዕቁብ ለምደን፣ የወጣ ዕጣ ወጣ ነው ብለን፣ ወረቀቱን አጣጥፈን ኪሳችን እንከታለን። ትልልቆቹ ቀድመው ወጥተው፣ ወር ሳይሞላ ጣሳው ውስጥ የቀሩት ትንንሽ ቁጥሮች ብቻ ሆኑና የዋሻው ጉድጓድ ሁሉ እኛን መብላት ጀመረ። ነርሷ «ዕድላችንን እኮ ተካፍለን ወደ ቤት ወስደነዋል» ብላ እስክትስቅ ድረስ አንዳችንም አልነቃንም።

ይህ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ዋሻው ግን እያደር አንገሸገሸኝ። በር፣ ጭራቅ፣ ወርቅ፤ ደግሞ በር። መንገዱ በየሳምንቱ እየተዘጋ፣ አውቶቡስ እየቀረ፣ ደብረ ታቦር ደርሶ መመለስ ሕልም በሆነበት ጊዜ፣ በሐሳቤ እንኳ ጉድጓድ ውስጥ የምታሰርበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ቀን ለመሪያችን ነገርኩት።

«እንውጣ። ከዋሻው በላይ አገር አለ አይደል? ገበያ አለ፣ ደብር አለ፣ ሰው አለ።»

«ሕጉ ላይ የለም» አለኝ።

«እኔ እጽፈዋለሁ።»

«ሰው ሽንኩርት ሲገዛ ማን ቁጭ ብሎ ይጫወታል? ይሰለቻቸዋል።»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ አንድ እሁድ እሰጥሻለሁ። ከሰለቻቸው ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ» አለ። እሰጥሻለሁ! ቤቱ የእኔ፣ ጠረጴዛው የእኔ፣ ጣሳው የእኔ። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ተቀበልኩ። ያቺን እሁድ ከተረታሁ እድሜ ልኬን ችቦ ይዤ እንደምቀር ገብቶኛል።

ሳምንቱን ሙሉ ካርታ ስስል ሰነበትኩ። ከዋሻው አፍ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ፣ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ገበያ። ገበያውን ልክ እንደ አርብ ገበያ አደረግሁት፤ አህያ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ አልቀረኝም።

እሁድ መጣ። ከዋሻው አወጣኋቸው፣ ወንዙን አሻገርኳቸው፣ ገበያ አስገባኋቸው። የመሬት አስተዳደሩ ሰው ዙሪያውን ቃኘና «ጠላቱ የታለ?» አለ። የለም አልኩት። ነርሷ ስልኳን አየች። ትንሽ ቆይቶ እሱም አዛጋ። መሪያችን ግድግዳውን ተደግፎ ፈገግ ሲል ሳየው በጣሳው ብመታው ደስ ባለኝ።

«አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በገበያው መሃል ያልፋሉ» አልኩ። «ሰዉን ሁሉ እያስቆሙ፣ ‹ልጄን ያየ አለ? እዚያ ዋሻ በር ላይ ዘበኛ ነበር› ይላሉ።»

ነርሷ ስልኳን አስቀመጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት የመሬት አስተዳደሩ ሰው አንድ ዘበኛ ተኝቶ ሳለ ገድሎ ቁልፍ ወስዷል። ያን ዕለት ሃያ ወጥቶለት አጨብጭበንለት ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

«የዋሻ ዘበኛ እናት የለውም» አለ መሪያችን። «ሕጉ ላይ…»

«ታዲያ ማን ወለደው?» አልኩት።

የመሬት አስተዳደሩ ሰው እጁን ወደ ጣሳው ሰደደ። ክዳኑን በመዳፌ ያዝኩት። «ይህ በዕጣ አይሆንም። የምትለውን በል።»

ሰውየው የእስቴ ገጠር ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ብዙ ካሰበ በኋላ «ሽማግሌ መላክ ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልኩ። ሽማግሌ ሁነኝ ብሎ መሪያችንን ቢለምነው እንቢ አለው፤ ነርሷ ተነሣች። እሱ ደግሞ የቤቴን በር የማስደግፍበትን ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ፊቴ ጎንበስ አለ። የማይስቅ ፊት ነበር። ነርሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እናታችን፣ ጥፋተኛው ጥፋቴ ነው ብሎ መጥቷል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩት» አለችኝ።

በአገራችን ወግ እዚህ ላይ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል፤ ድንጋዩም ይወርዳል። ሁሉም ይህንኑ ጠበቁ። መሪያችን እንኳ «በሉ፣ ታረቁና ወደ ዋሻችን እንመለስ» አለ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያቺ እናት እኔ ነኝ፤ ልጄ ደግሞ አልተመለሰም። ማንም ይቅርታውን ከእኔ አጣድፎ ሊወስድ አይችልም።

«አልልም» አልኩ። «መጀመሪያ ልጄን አምጡልኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥላችሁት ነው የመጣችሁት። አፈር ሳይለብስ ምን ይቅርታ ትጠይቁኛላችሁ?»

የመሬት አስተዳደሩ ሰው ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና ሳይል «ልጅዎ ስሙ ማን ይባላል?» አለኝ። ሁለት ዓመት ስንገድል አንድም ቀን ይህን ጠይቀን አናውቅም። ስም አላዘጋጀሁም ነበር፤ ቢሆንም ነገርኩት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። እሱም ስሙን ቀስ ብሎ ደገመው።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም» ብሎ መሪያችን ብድግ አለ። ደብተሩን ዘጋ፣ ጃኬቱን አነሣ። «እሁዱ አልቋል፤ እኔ ሄድኩ።»

ያሰናበተው የለም። ነርሷ ሽምግልናዋን ሳትለቅ ዞር ብላ አየችው።

«ቁጭ በል እንጂ» አለችው። «ሰው ሳይቀበር ወዴት ነው የሚኬደው?»

ቁጭ አለ።