ሮዝ ማሊያውና የታምራት ስኮትላንድ

በጆሃንስበርግ ለምትገኙ ወገኖች በሙሉ፦ የእሁድ ቡድናችን ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ፣ ያ ከቀይ ካልሲ ጋር ታጥቦ ሮዝ የሆነው፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ባለቤት አልባ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

በቀልድ ልጀምረው ብዬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ታሜ ሞተ። ታምራት፣ የኮዝሞ ሲቲው ባለሱቅ፣ አጥቂያችን። ልቡ ነው አሉ። ትናንት እኮ ደውሎ «እሁድ እንዳትቀር፣ አንተ ከሌለህ የምንስቅበት በረኛ የለም» ብሎኛል። ትናንት የሳቀ ሰው እንዴት ዛሬ ይሞታል?

ያደግነው አንድ ከተማ ነው፣ ሆሳዕና። እኔ እንደምታውቁት አገር ቤት የአንደኛ ዲቪዚዮን በረኛ ነበርኩ፤ ስለ ኳስ የምናገረው በማዕረጌ ነው።

እዚህ ያለን ሰዎች ጠባያችን ይታወቃል፤ ድንበር ስንሻገር ማዕረግ እንጨምራለን። ዱርንፎንቴን ሰፈር ቀበቶ የሚሸጠው ሁሉ አገር ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። ዘበኛው ሻለቃ ነበር። ስለዚህ ሰው ያለፈ ሕይወቱን ሲያወራ ግማሹን በልባችን ቀንሰን ነው የምንሰማው።

ታሜም «ስኮትላንድ ትንሽ ተጫውቻለሁ፣ በታችኛው ሊግ» ሲለን እንደ ልማዳችን ቀነስን።

«ነፋሱ እኮ በረኛው የለጋውን ኳስ መልሶ ለራሱ ያቀብለዋል» ይለን ነበር።

«ተመልካቹስ?»

«ሽማግሌዎችና የባሕር ወፎች። ሽማግሌዎቹ ይሳደባሉ፣ ወፎቹ ቺፕስ ይሰርቃሉ።»

«ጎልስ አግብተሃል?»

«አንድ ሁለት ሳላገባ አልቀርም።»

ሜዳ ላይ አይሮጥም። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ ተከላካዩን በመቀመጫው ገፍቶ፣ ለምንጮኸው ሁሉ «ተረጋጋ፣ ጎሉ የትም አይሄድም» ይላል። ሱቁም ውስጥ ያው ነው። ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ውጭ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ! ኤርታይም!» እያሉ ሲንጫጩበት «የትም አይሄድም!» ይላቸዋል። ዳቦ ልትገዛ የምትመጣዋ አሮጊት ሌላ የአማርኛ ቃል አታውቅም፤ ሰላምታዋ እሱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ገጽ ላይ «አጣርተናል፤ የታምራት የስኮትላንድ ሥራ ስታዲየም በር ላይ ትኬት መቁረጥ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሳቃችሁ። እኔም ስጽፈው እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ትኬት» ሆኖ ቀረ። «ትኬት፣ አቀብል!» «ትኬት፣ ሩጥ እንጂ!»

ተቆጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ታኬታውን እየፈታ፣ ቀና ብሎ አየኝና «ትኬት ቆራጭም ጨዋታውን ያያል፣ ምን ነውር አለው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ስኮትላንድ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነፋሱም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ወፎቹም አብረው ጠፉ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስደርስ ባለቤቱ አስቴር «ነገ ሽኝቱ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ» አለችኝና ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣች። የስኮትላንድ ቡድኑ ፎቶ አለ። የተጣጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አለ። ትንሽ ዋንጫ አለች፣ ስሙ ተቀርጾባታል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ፦ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ።

አንድ ሁለት ሳላገባ አልቀርም፣ ነው ያለን!

«አስቱ፣ ይሄን ለምን አላሳየንም?»

«እኔም ብዬው ነበር። ‹ተዪያቸው፣ የሚስቁበት ሲያጡ እሁድ አይመጡም› አለኝ።»

ከሁላችን መሃል ታሪኩን አሳንሶ የሚያወራ አንድ ሰው ነበረን። እኛ ካሳነሰው ላይ ቀነስንበት።

ታሜ፣ ነገ በሰው ሁሉ ፊት ስኮትላንድህን ከነነፋሷ፣ ከነወፎቿ አነብልሃለሁ። ማሊያህንም ማንም አይለብሳትም፤ ደግሞ በዚያ ቀለሟ ማን ይደፍራታል? ጎሉ የትም አይሄድም ስትለን አንተም የትም የማትሄድ መስሎን ነበር። ደህና ሁን ወንድሜ። አትሩጥ፣ እንደ ልማድህ ቆመህ ጠብቀን።

ማረሚያ፦ ከላይ ጸሐፊው የአንደኛ ዲቪዚዮን በረኛ እንደነበረ የተገለጸው ስህተት ነው። ጸሐፊው በተጠቀሰው ጊዜ የሆሳዕና ስታዲየም በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሟች በወጣትነቱ በዚያው በር ይገባ ስለነበር ይህን ያውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ተስተካክሎ ይነበብ።