የአደ ጫልቱ አቡጀዲ

በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ሰባን ያለፉት ጎረቤቴ አደ ጫልቱ ነጭ አቡጀዲ ታቅፈው መጡ። ለመገነዣቸው ብለው ከሣጥን ታች ያስቀመጡት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደነገጥኩ።

«አመመዎት እንዴ? ደግሞስ መገነዣ እኮ አይሰፋም» አልኳቸው።

«ማን ሞተና? ሞትን ስጠብቅ ጨርቁን ብል ሊበላብኝ ነው። ቀሚስ አድርግልኝ፤ አንገቱን ገለጥ፣ ወገቡን ጠበቅ። የነገ ሳምንት እሑድ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው።»

ሜትሩን ወገባቸው ላይ ሳዞር ሬሳ የምለካ መሰለኝና ላላ አድርጌ ያዝኩት።

«ጠበቅ አልኩህ እኮ!» ብለው ተቆጡ።

ዘመዶቻቸው ይረግሙኛል እያልኩ ሰፋሁላቸው።

ማኅበሩ በተጠጣ ማግስት ሱቄን ልከፍት ስሄድ፣ ስድስት የማኅበሩ አሮጊቶች በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ፤ ሁሉም የየራሳቸውን አቡጀዲ ታቅፈዋል።