የፍልሰታ እንጉዳይ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ደጋ ፎገራ ሜዳ ስዳር፣ ባል ብቻ ሳይሆን ሣርም ያገባሁ መሰለኝ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የሜዳውን ሣር ቅጠል ሁሉ በስሙ ያውቁ ነበር። ከብት ስናሰማራ ሰርዶውን፣ ቄጠማውን፣ መጩን በዱላቸው እየነኩ፣ ይህ ላም ያወፍራል፣ ይህ ጥጃ ያስቀምጣል፣ ያ ደግሞ ደንገል ነው፣ ታንኳ ይሠራበታል ይሉኛል። ወረታ ገበያ ስንወጣ እንኳ የመንገድ ዳር ቅጠል አያልፋቸውም። የኔም አፍ አያርፍም፤ በኛ አገር እኮ እንዲህ ነው የምንለው እላለሁ። ይስቁብኛል። ለእሳቸው ደጋ ማለት ገብስና ብርድ ነው። በስሜም አይጠሩኝም፤ «ደገኛዋ» ነኝ።

እልህ ያዘኝ። ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም ተያዘ፤ ሜዳውም ውሃ ለበሰ። አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ሲያጓራ ካደረ በኋላ፣ ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ ካለው ከፍታ ጭራሮ ልለቅም ወጣሁ። ከአንድ ኩይሳ ሥር ነጎድጓዱ ያፈላው ነጭ እንጉዳይ ተኮልኩሎ ቆሟል። እናቴ የሚበላውን ከሚገድለው ለይታ ያስተማረችኝ በልጅነቴ ነው፤ አወቅሁት፣ ደስታዬም ሌላ። የባሌ ቤት ሰዎች ግን የጅብ ጥላ ብለው ይረግጡታል እንጂ አይነኩትም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ነግሬያቸው ቢሆን ምን ነበረበት? እኔ ግን አድቅቄ ከትፌ፣ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በኑግ ዘይት አቁላልቼ፣ አማቴና ባሌ ከቅዳሴ ሲመለሱ አቀረብኩ። ምን እንደሆነ ከበሉ በኋላ ልነግራቸው ነው፤ እሳቸው የማያውቁት እኔ የማውቀው አንድ ነገር እንኳ ይገኝ ብዬ። አማቴ ሁለቴ ጎረሱ። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ ባሌ፣ አፉን ቁርጥ ያድርገውና፣ ጉበት ጉበት ይላል አለ።

ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። ያን ዓመት ጾሙን በንጽሕና ጨርሰው ሊቆርቡ ለእመቤታችን ተስለው ነበር። በሱባኤ ሥጋ ያበላኋቸው መሰላቸው። ምዬ ተገዝቼ እውነቱን ብነግራቸው ባሰ። ቅጠል የለው፣ አበባ የለው፣ ዘር የለው፤ እኔ የማላውቀው ተክል በዚህ ሜዳ የለም፣ ተክል ካልሆነ ሥጋ ነው አሉ። ለልጃቸውም፣ ጾሙ ሲፈታ በቅሎ ተውሶ ወደ አባቴ ቤት እንዲመልሰኝ ነገሩት። ባሌ አቀርቅሮ ከብቶቹን ሊያይ ወጣ። እኔ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለካ ያን ጭቃ ሜዳ ወድጄው ኖሯል።

በማግሥቱ የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያሉ መጡ። ይቅመሱት እንዳይባል፣ ሥጋ ከሆነስ? ስለዚህ ቄሱ፣ አማቴና እኔ በጭቃው እየተንሸራተትን ኩይሳው ድረስ ወጣን። ቄሱ ቁጢጥ አሉና እንጉዳዩን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት።

«ይሸሻል?» አሉኝ።

«አይሸሽም፣ አባ።»

ቆርሰው ገልበጥ አድርገው አዩት። «ደምም የለው። የማይሸሽ፣ የማይደማ ነገር ጾም ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከትናንቱ የተረፈ እንዳለ ጠየቁኝ።

አማቴ ከኩይሳው ወርደው ጾማቸውን ቀጠሉ። የፍልሰታ ዕለት ቆረቡ፣ ስለቴ ደረሰ ብለውም እልል አሉ፤ ስለኔ ግን አንድ ቃል የለም። ልሂድ፣ ልቅር አላውቅም። ልብሴን ቋጥሬ ጠበቅሁ። በማግሥቱ ጠዋት የጎረቤት በቅሎ ደጃፍ ታስራ አየኋት፤ ሊመልሱኝ ነው ብዬ ጥቅሌን አነሳሁ።

ሰማዩ እንደገና ሲያጓራ ነበር ያደረው። አማቴ እንቅብ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ወደ ኩይሳው እንሂድ አሉኝ። እሜቴ፣ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው፣ ትናንት የታረደው በግ ሥጋ አለ ብላቸው፣ ሥጋው የትም አይሄድም አሉ። በመንገዱ ሁሉ የአንድም ሣር ስም አልነገሩኝም። ለካ ሲያስቡ ነው። ኩይሳው ሥር ሲደርሱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ቁጢጥ አሉ።

«የሚበላውን በምን ነው የምትለዪው፣ ልጄ? እስቲ አሳዪኝ።»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እያገላበጥኩ ሳሳያቸው፣ ቀና ስል፣ ታች ሜዳው ላይ ባሌ በቅሎዋን ባዶዋን እየሳበ ወደ ባለቤቷ ቤት ሲመልሳት አየሁ። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሁም።