ለቤዝቦል ሽምግልና የሄድን ቀን

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2023 ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ረመዳን ስለነበር አልረሳውም። ንዴቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሰው ሁሉ «ጋሽ ሰዒድ፣ በኳስ ጨዋታ ይህን ያህል ይናደዳሉ እንዴ?» ይለኛል። የተናደድኩት በኳሱ አይደለም። አንብባችሁ ፍረዱኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ከተማ ነው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል ጎረቤት አለችኝ። አቅመ ደካሞችን በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው። ባሏ ሞቷል፤ እዚሁ የወለደችው ሚኪያስ የሚባል አንድ ልጅ አላት። እኔ እስላም ነኝ፣ እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ ልጁ ግን ያደገው በሁለታችን ቤት መሃል ነው። እናቱ ሥራ ስትገባ እኔ ጋ ይበላል፣ እኔ ጋ ይተኛል።

ይህ ልጅ ቤዝቦል ይጫወታል። ሥራው መወርወር ነው። ዱላ ይዞ የቆመው ሰው እንዳይመታው አድርጎ ኳሱን ይለቅበታል፤ ፒቸር ይሉታል። ትንሽ ሆኖ ፓርኪንጉ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሲወረውር ኳሱ ከመኪና ሥር ሲገባ ተንበርክኬ የማወጣለት እኔ ነበርኩ።

ሲያድግ የአንድ ሌላ ከተማ ትልቅ ቡድን ወሰደው። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ወጣቱን መጀመሪያ ታችኛው ቡድናቸው ውስጥ ያጫውቱታል። ሲበቃ ወደ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወደምናየው ትልቁ ሊግ ይጠሩታል።

ሚኪያስ በቃ። ታች የሚጫወቱትን ሁሉ አስቸገራቸው። ከውድድሩ በፊት በሚደረገው ልምምድም ላይ ስም ያላቸውን ትልልቆቹን ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። ውድድሩ ሲጀመር ግን ስሙ የለም። «ገና ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል» ተባለ። ወደ ታች መለሱት።

መጀመሪያ አልተናደድኩም። አገር ቤት የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ረዳት። ሳይበስል መሪ ተሰጥቶት ቁልቁለት ላይ የቀረ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላም አይቻለሁ። ጎበዝ ረዳት ያገኘ ሹፌር ረዳቱን አይለቅም። ጎማ ይፈታለታል፣ ጭነት ይጠብቅለታል፣ ምን አጥቶ ይልቀቀው? «ኧረ ይህ ልጅ መንዳት ይችላል» ስትለው «ገና ነው» ይልሃል። እኔንም ስንት ዓመት በዚህች ቃል አስቀምጠውኛል። ስለዚህ ከሰው አፍ «ገና ነው» ስሰማ ደስ አይለኝም።

ነገሩ የገባኝ ሥራ ቦታዬ፣ ኤርፖርት ነው። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። አንድ ቀን የቤዝቦል ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ደረሰኝ። ቆቡን አይቼ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ የልጁን ነገር አጫወትኩት። ሰውየው ሳቀ። «ልጅህ ምንም አልጎደለውም» አለኝ።

ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። አንድ ተጫዋች ትልቁ ሊግ ውስጥ የተወሰነ ዓመት ካገለገለ ነፃ ይወጣል፣ ወደፈለገው ቡድን ይሄዳል። ታዲያ ገና ውድድሩ ሲጀመር ከመጥራት ሁለት ሳምንት ገደማ አቆይተው ከጠሩት፣ ያ ዓመት እንደ ሙሉ ዓመት አይቆጠርለትም። በሁለት ሳምንት መዘግየት አንድ ዓመት ጨምረው ያስሩታል ማለት ነው። «ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሁሉም ያደርገዋል» አለኝ።

እኔ መግፋት አቁሜ ቆሜያለሁ። ሰውየው ዞር ብሎ «ደረስን እንዴ?» አለኝ።

የወርዋሪ ክንድ ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ነው፤ በየትም መንገድ ብትነዳው ያልቃል። ከሚኪያስ ጋር የነበረ አንድ ልጅ የትከሻው ጅማት ተበጥሶ ትልቁን ሊግ ሳያይ ቤቱ ገብቷል። ትርሲት ልጇ ሜዳ በገባ ቁጥር የምትፈራው ይህንን ነው። «ጋሽ ሰዒድ፣ አንድ ቀን እንኳ ላይ ወጥቶ ልየው፣ ከዚያ በኋላ ጌታ ያውቃል» ትለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ትልቁ ቡድን ዴንቨር መጥቶ እንደሚጫወት ሰማሁ። ኃላፊያቸውም አብሮ ይመጣል ተባለ። ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ወሰንኩ። ሰው ሲበደል እኛ ዘንድ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ሌላ አላውቅም።

ሁለት ሰው ያዝኩ። አንደኛው ኑሩ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ጓደኛዬ። ሁለተኛው አቶ ጌታሁን፣ የትርሲት ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ።

ኑሩ ነገሩን ስነግረው «የሰውየውን ሴት ልጅ ለሚኪያስ ልንጠይቅ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

አቶ ጌታሁን ደግሞ «ጋሽ ሰዒድ፣ ፈረንጅ እኮ ሽምግልና አያውቅም» አለኝ።

«እናሳውቀዋለን» አልኩት።

ሱፋችንን ለብሰን መሃል ከተማ ወዳለው ሆቴላቸው ሄድን። ሚያዝያ እየመጣ በረዶ ይጥላል፤ የዚህ አገር ነገር። ሎቢው ሞቅ ያለ ነው። ተጫዋቾቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አቶ ጌታሁን የኃላፊውን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዟል። ሰውየው ከሊፍት ሲወጣ ፊቱ ሄደን ተሰለፍን።

ፈገግ አለና እስክሪብቶ አወጣ። «ኳሱ የታል? ምኑ ላይ ልፈርምላችሁ?» አለን።

«ለፊርማ አይደለም፣ ስለ ሚኪያስ ልንለምንዎት ነው የመጣነው» አለው አቶ ጌታሁን።

«ወኪሎቹ ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«ቤተሰቡ?»

«ጎረቤቶቹ ነን።»

ሰውየው ግራ ገባው። ባለጌ ግን አልነበረም። ሶፋ አሳየን፣ እሱም ተቀመጠ። «ተቀመጡ፣ ቡና ላስመጣላችሁ፣ ውሃ» አለን።

እኔና ኑሩ ጾመኞች ነን፤ አንጠጣም አልን። አቶ ጌታሁንም እኛን አክብሮ አልጠጣም አለ። መቀመጡንም እንቢ አልን። ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ ለጉዳይ ሄዶ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም። አባቶቻችን ያሳዩን እንደዚያ ነው። አቶ ጌታሁን ይህን ወግ ሊያስረዳው ፈልጎ «ቃልዎን ካልሰጡን አንቀመጥም፣ አንበላም፣ አንጠጣምም» አለው በእንግሊዝኛ።

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። ዙሪያውን ማየት ጀመረ። ለካ ለሰልፍ የመጣን፣ የረሃብ አድማ የመታን መስለነዋል። ጆሮው ላይ ሽቦ ያንጠለጠለ ጠብደል ሰው መጥቶ አጠገባችን ቆመ። አንድ ተጫዋች ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። ኑሩ በአማርኛ «ሰዒድ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልታሳስረኝ ነው?» ይለኛል።

እኔ ግን ጥያቄዬን ይዤ መጥቻለሁ። «ልጁ ምን ጎደለው በልልኝ» አልኩት አቶ ጌታሁንን።

ሰውየው መለሰ። «ቤዝ ላይ የሚቆሙት ሯጮች እሱ ሳያይ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጠው እንዳይሰርቁበት መጠበቅ ይማር። ወጣት ነው። ሳይደርሱ ወጥተው የተሰበሩ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ለእሱ ብለን ነው።»

«እኔም አይቻለሁ» አልኩ። «ልክ ነው፤ ያልደረሰ ልጅ አይውጣ። ግን ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ እንደምትጠሩት ሰው ሁሉ ያወራል። ልጁ የሚደርስበትን ቀን ካሁኑ ካወቃችሁት፣ ዛሬ ምን ሆኖ ነው ያልደረሰው?»

አቶ ጌታሁን ይህችን በደንብ ተረጎመልኝ፤ ሳይቀንስ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። «ጊዜው ሲደርስ ይጠራል» ብሎ ተነሣና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ጠብደሉ ሰውዬ በትህትና፣ ክንዳችንን ሳይነካ፣ ወደ በሩ እየነዳ አወጣን። ሦስት ሽበታም ሰዎች በረዶ ላይ ቆመን ቀረን።

ማታ ለማፍጠር ቴምሬን አንሥቼ ሳልጎርስ ስልኬ ጮኸ። ሚኪያስ ነው።

«ጋሼ፣ ዋይ? ዋይ ዉድ ዩ ዱ ዛት?» አለኝ። ሲናደድ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። «ቪዲዮውን ሎከር ሩም ውስጥ ሁሉም እያየው ነው። ‹ቦዲጋርዶችህ መጡልህ› እያሉኝ ነው። አሳፈሩኝ እኮ!»

«ያሳፈሩህ እነሱ ናቸው» አልኩት። «ለምን እንደሚያቆዩህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ! ኤቭሪባዲ ኖውስ። እኔ ካወራሁ ‹ችግር ፈጣሪ› ይሉኛል፣ ከዛ አለቀልኝ። ዝም ያልኩት አውቄ ነው። ፕሊስ፣ ሁለተኛ አይሂዱ።»

ዘጋው። ያ ልጅ አንድም ቀን ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም። ቴምሯ እጄ ላይ ቀረች። በእሱ አልተቀየምኩም። የተናደድኩት በሃያ ሁለት ዓመቱ እየተበደለ ዝም ማለትን ባስተማሩት ሰዎች ነው።

ከዚያ በኋላ ጠበቅን። ሚኪያስ እዚያው ታችኛው ቡድን ውስጥ ሁለት ጨዋታ ላይ ወረወረ። የመጀመሪያውን አሳምሮ ተጫወተ፤ ማንም አልጠራውም። ሁለተኛው ግን በዚያ ዓመት ከተጫወተው ሁሉ የከፋው ነበር። ኳሱን እየመቱ ደበደቡት፤ ሯጮቹም እንደፈለጉ ሰረቁበት። ጠብቅ፣ ተማር ያሉትን ነገር ጭራሽ አልቻለበትም። ትርሲት በስልክ እያየች እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። በቃ፣ አሁንስ እውነትም አይጠሩትም አልን።

ዒድ ሊደርስ ሲል፣ ያ ሽማግሌ ፈረንጅ የነገረኝ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ጠሩት። ያ ኃላፊ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ «ሚኪያስ በጣም ተሻሽሏል፣ አሁን ዝግጁ ነው» አለ። አቶ ጌታሁን ነው ያነበበልኝ። ድገመው አልኩት፣ ደገመው። ሲያሸንፍ «ገና ነው» የተባለ ልጅ በተደበደበ በሦስተኛው ቀን «ደረሰ» ተባለ። ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ ሲዋሽ ትንሽ እንኳ አያፍርም?

ፎቁ በእልልታ ተናወጠ። ትርሲት ወርዳ እጄን ልትስም ታገለችኝ። ከሱቁም ከመስጊዱም ሰው እየደወለ «ጋሽ ሰዒድ፣ ሽምግልናችሁ ሠራ!» ይለኛል። ኑሩማ ምስጋናውን ተቀብሎ ኪሱ ከቷል፤ አሁን ሰው ጠብ ሲኖረው እሱን ነው የሚጠራው። እኔ «ኧረ ሽምግልናው አይደለም፣ እነሱ በፈለጉት ቀን ነው የጠሩት» ብል የሚሰማኝ የለም። «ትሑት ነዎት» ይሉኛል። ትሑት አይደለሁም። ተናድጃለሁ ነው የምላችሁ!

ዛሬም ያው ነኝ። ልጁ ላይ ወጥቶ ይጫወታል፣ አልሐምዱሊላህ ክንዱም ደህና ነው። «ታዲያ ምን ቀረብዎት?» ይሉኛል። ዓመቱ ነዋ! ከዚያ ልጅ የወሰዱበት ዓመት አለ፤ ሕግ ነው ብለው፣ ለአንተ ብለን ነው ብለው። ሰው ቢሰርቀኝ እንኳ «ለአንተ ብዬ ነው» ባይለኝ ይሻለኛል። ሎቢ ውስጥ በመቆሜም አልጸጸትም። ነገ ቢሆን ነገም እቆማለሁ።

ያኔ በተጠራ ማግስት፣ ሚኪያስ ከነበረበት ከተማ ወደ ትልቁ ቡድን ሲበር በዴንቨር ነበር የሚያልፈው። እናቱ ቲኬት ስለሌላት ውስጥ ድረስ መግባት አትችልም። ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «እኔን ሆነው ይሸኙልኝ። በእርስዎም ጸሎት ቢሆን ይጸልዩለት» አለችኝ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ባዶ ዊልቸሬን እየገፋሁ ልጁ የሚወርድበት በር ላይ ቆምኩ። ሲያየኝ ሮጦ መጣና አንገቴ ሥር ገባ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ስለዘጋሁብዎት...» ሲል «ዝም በል» አልኩት። ከባዱን ቦርሳ ከትከሻው አውርጄ ዊልቸሩ ላይ ጫንኩት። «ጋሼ፣ እኔ እይዘዋለሁ፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ። «ይየን፤ አንተ ክንድህን አሳርፍ» ብዬ ቦርሳውን እየገፋሁ፣ በአፌም ዱዓዬን እያልኩ፣ አውሮፕላኑ በር ድረስ አደረስኩት።