የጀፎረው ትል

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ያን ዕለት የጻፍኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ዛሬም ደብተሬ ላይ ስላለች ልረሳው አልቻልኩም።

ቡታጅራ አካባቢ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። አንድ ማለዳ አቶ ሸምሱ የሚባሉ ገበሬ በብልቃጥ ትል ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከሰላምታ ቀጥሎ፣ «ከበቆሎዬ አይደለም ያገኘሁት፤ ከጀፎረው ሣር ላይ ነው» አሉኝ። ጀፎረ በመንደሩ ቤቶች ፊት የተዘረጋው የጋራ ሜዳ ነው።

ሳልጠይቃቸው ማስተባበላቸው አላማረኝም። የሜዳ ትል ለማሳየት ይህን ያህል መንገድ የሚመጣ ማን ነው? በማጉያ መነጽር ስመለከተው ራሱ ላይ እንደ ባላ የተከፈለ ነጭ መስመር አለው። ይህ የመጤው ተምች አንዱ ምልክት ነው። ሁለተኛው፣ ጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ትሉ ቆዳውን ሊጥል ተቃርቦ ጀርባው ስለደበዘዘ እነርሱን መለየት አልቻልኩም።

ተምች ከሆነ የመንደሩ በቆሎ መድኃኒት ይረጫል።

«ንብ አለዎት?»

«ስምንት ቀፎ» አሉ። መድኃኒቱ ንብ አይምርም። ጥርጣሬዬ በረታ።

በባጃጅ አብረን ሄድን። መንገድ ላይ ስልክ ደውለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ በማልሰማው ጉራጊኛ አወሩ። ባለቤታቸው ትሎቹን ለቅመው እንዲያጠፉ እያዘዙ ነው ብዬ ደመደምኩ። ደብተሬን አውጥቼ፣ «ባለማሳው የሚደብቁት ነገር አለ» ብዬ ጻፍኩ።

በቆሎውን መስመር በመስመር ፈተሽኩ። የተበሳ ቅጠልም፣ የትል ኩስም የለም። ይህም ጥርጣሬዬን አባሰው። ወደ ጓሮ ስዞር የስምንቱም ቀፎ አፍ በእርጥብ ጨርቅ ተወትፏል።

«ይህ ለምንድን ነው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከእንሰቱ መሃል ብቅ አሉ። «ሳይነጋ ነው የዘጋናቸው፤ መርጫ ይዘሽ ትመጪያለሽ ብለን። አሁንም ደውሎ 'እየመጣን ነው፣ እንዳትከፍቺ' አለኝ።» ወደ ባላቸው ዞረው ሳቁ። «እኔማ 'ጨፍልቀው፣ ማን አየህ' ብዬው ነበር። 'የጎረቤት በቆሎስ?' ብሎ ተሸክሞልሽ መጣ።»

አቶ ሸምሱ አልሳቁም። «እህቴ፣ ተምች ከሆነ እርጪ። የምትረጪው ዛሬ ካልሆነ ግን ንገሪን፤ ታፍነው ያልቃሉ።»

«ይክፈቷቸው» አልኩ።

ትሉን ቢሮዬ አኖርኩት። የበቆሎ ቅጠል ብሰጠው አልነካም፤ የጀፎረውን ሣር በላ። በሦስተኛው ቀን ቆዳውን ሲጥል ጀርባው ጠርቶ ታየኝ። አራቱ ነጥቦች የሉም። በኋላም ቡናማ የእሳት እራት ሆኖ ወጣ።

ተምች አለመሆኑን ደውዬ ስነግራቸው፣ «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «ታዲያ ምን ይባላል?»

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳቸው። ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት ግን አልነገርኳቸውም።

ለትሉ ሁለተኛው ምልክት እስኪታይ ሦስት ቀን ታግሻለሁ። በሰውየው ላይ ለመፍረድ ግን አንድ የስልክ ጥሪ በቅቶኛል። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።