ያልሠራሁት የቤት ሥራ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «እማማ፣ ይሄ ‹ኪፕ› የሚሉት ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው?» አለችኝ። ማስቀመጥ ነው፣ ማቆየት ነው፣ ዶሮ ከሆነ ማርባት፣ ቃል ከሆነ መጠበቅ ነው እያልኩ ስዘረዝርላት አምስተኛው ላይ ስደርስ ተውኩት። ልጅቷ የጨረስኩ መሰላት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጭሮን አሰበ ተፈሪ የምንልበት። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ዓመት ጎረምሳ ሁሉ ለውትድርና ይታፈስ ስለነበር እናቴ ታላቅ ወንድሜን ኃይሉን ገለምሶ ላከችው፤ አክስቴም ከቡና ማሳዋ ጥግ ካለች ጎጆ ሸሸገችው። ለጠየቀን ሁሉ «አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄደ» ነበር መልሳችን። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሸንኮራ ሲላክልን እናቴ ደህንነቱን በዚያ ታውቅ ነበር። እያኘከች ታለቅሳለች። ሸንኮራ እያኘከ የሚያለቅስ ሰው እንዴት እንደሚያስቅ ያየ ያውቀዋል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ታደሰ ከጎጃም የተመደቡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። «ኪፕ»ን ካስተማሩን በኋላ በቃሉ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድናስረክብ አዘዙን። የጎበዝ ተማሪ ሥራ በማግስቱ በክፍል አለቃው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አለቃው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ልጅ ነው። የእኔ ሳይነበብ የቀረበት ቀን አልነበረም፤ ጉራዬም ለጉድ ነበር። አራቱን በዶሮና በሰዓት ሞላሁ። ለአምስተኛው የሚያምር ነገር ስፈልግ ይኸው መጣልኝ፦ «አክስቴ ወንድሜን ገለምሶ ደብቃ አቆይታዋለች።» በእንግሊዝኛው እንከን አልነበረበትም።

በማግስቱ አለቃው ሊያነብ ወጥቶ ሲጠብቅ፣ ቲቸር የእኔን ደብተር ለብቻው አንስተው፣ «የኔነሽ ሥራዋን አልሠራችም። ዜሮ!» አሉ።

ብድግ አልኩ። «ሠርቻለሁ ቲቸር! እንዲያውም አምስተኛው ላይ ስለ ወንድ...»

«አልሠራሽም አልኩ!» ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው ፋጡማ ቀሚሴን ጎትታ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም «ታኢ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ደብተሬን ተቀብዬ ስገልጠው ወረቀቱ የለም። ከሽቦው በቀስታ ተላቆ፣ ከመሀል ማዶ ያለው ባዶ ግማሹም አብሮ ወጥቷል፤ ምልክት እንኳ አልተወም። ያን ጊዜ ገባኝና ቀና ብዬ አለቃውን አየሁት።

«አዎ ቲቸር፣ አልሠራሁም» አልኩ። አለቃው ሳቀ፤ ክፍሉም ሳቀ።

ስንወጣ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምሳሌ ስትጽፊ ከመጽሐፍ ቅጂ እንጂ ከቤትሽ አታምጪ» አሉኝ። በዓመቱ ወደ መሰላ ተዛወሩ። አንዲት «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳልላቸው ቀረሁ፤ ይቆጨኛል።

ባለፈው ጥር ኃይሉ የመጨረሻ ልጁን ገለምሶ ላይ ዳረ። ፀጉሩ ጥጥ መስሎ፣ ድንኳኑ ውስጥ እየተዘዋወረ ሰውን «ብሉልኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እኔ በሆዴ የቲቸርን ስም ጨመርኩ። ጮክ ብዬ መጥራት ግን አልደፈርኩም፤ ወንድሜ ያን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አያውቅም።