ሁሉም የግራ እጅጌ

ባል በጥፋቱ ይጠላል፤ በምኞቱም ይጠላል ወይ ካላችሁ፣ ልብስ ሰፊዋን ጠይቋት።

ባሏ «የስኬት ስልጠና» ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ይቆምና፣ የጥርስ ሳሙናው አረፋ አገጩ ላይ እየወረደ፣ «ይቻላል፤ እኔ አሸናፊ ነኝ» ይላል። የሰፈሩ ሰውም «ይቻላል» ብሎ ስም አወጣለት። እሷ ያን አረፋ ባየች ቁጥር ቁርሷ አልወርድ ይላታል።

የምትሰፋው በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልላ ቁጭ ትላለች። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ኮት ሲያዛት ታዲያ ልቧ ሞቀ፤ በጊዜው ካስረከበች የየዓመቱ ሥራ የእሷ ነው፣ ማዶ ያለችውን ባለ በር ሱቅም ትከራያለች። ሌላ ምንም አልተመኘችም።

ጨርቁ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው የደበዘዘ ነው። እንዲህ ያለውን ፊቱን ከፊቱ አጋጥማ ትቆርጠዋለች፤ ያኔ አንዱ እጅጌ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሳታደርግ እናቷ ታመመችና ልትጠይቅ ሄደች። ይቻላል መቀሱን አነሳ። «ብልህ ሰው ጊዜ ይቆጥባል» ብለው አስተምረውታል አሉ። የእጅጌውን ጨርቅ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ደራረበና በአንድ ንድፍ ከረከመው።

ስትመለስ አንድ እጅጌ አነሳች፤ የግራ። ሌላ አነሳች፤ የግራ። እስከ ታች ብትፈትሽ የቀኝ የሚባል ዘሩ የለም፤ የተረፈ ጨርቅም የለም። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቷን ጣለላት።

«ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ?»

«የእኔ ውድ፣ ይህ እኮ ውድቀት አይደለም። ትምህርት ነው» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

እጁ ቀፈፋት። ቢደነግጥ፣ ቢያፍር ይቅር ባለችው ነበር፤ ያንገሸገሻት ፈገግታው ነው።

ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ሰጠ። ማዶ ያለችው ሱቅ ፀጉር ቤት ሆነች።

ይቻላልን ግን ሰልጣኞቹ ፊት «ስለ ውድቀትህ ተናገር» ብለው መድረክ አወጡት። እሷንም እህቱ ጎትታ ወስዳ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ሱቃችንን ያጣን ቀን ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ ግን ፈገግ አልኩ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አላለቀሰችም እኮ። ያላፈሰሰችውን እንባ ቸረቸረው።

ከጎኗ የተቀመጠች ሴት እያጨበጨበች፣ «ታድለሽ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ባል» አለቻት።

«ውሰጂው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ይቻላል እጁ በሰላምታ ብዛት ዝሎ ቤት ሲደርስ ሻንጣው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ልብሱ ሁሉ ታጥፎ ገብቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ትምህርት ነው» አለችውና መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።